አንድ ቦታ ላይ የማይበረክቱ ዲስኮች

አንድ ይርዳው የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረ። በእጁ ሥራ የሚተማመን ሰው ነበር፤ ለመተማመንም በቂ ምክንያት ነበረው።

ፍሬሕይወት፣ ስለዚህ ሰው የምነግርሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። «ጋሼ፣ ስፌት ቤቴ ቆራጭ አልበረከተልኝም። ሁለቱን አሰናበትኩ፤ ሥራ እንደማያውቁም ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። የአሁኑም ጨርቁን በልኩ አልቆርጥ ብሎኛል። እሱንም ላሰናብተው ወይ?» አልሽኝ። «አሰናብቺው» ወይም «ተይው» ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ነገር ግን የእኔን ቃል ይዘሽ ከምትሄጂ የይርዳውን ነገር ሰምተሽ ራስሽ ብትፈርጂ ይሻላል።

ይርዳው የሚሠራው በወሎ፣ ባንዲት ከተማ ባለች የራዲዮ ጣቢያ ነው። ጣቢያዋ ትንሽ ናት፤ ባለ አንድ ስቱዲዮ፣ ግቢዋም ጠባብ። ይሁንና በአካባቢው ሁሉ የምትወደድበት አንድ ዝግጅት አላት። የተጠፋፉ ዘመዳሞችን ታፈላልጋለች። ሰው ከየገጠሩ ተነሥቶ ይመጣና ማይክራፎን ፊት ይቀመጣል። «እኔ እገሌ ነኝ፣ የእገሌ ልጅ። እኅቴን የምታውቁ ንገሩልኝ» ይላል። አንዳንዱ ሳይጨርስ እንባ ይቀድመዋል። አንዳንዱ እንደ ምስክር ቆፍጠን ብሎ ይናገርና ነጠላውን አስተካክሎ ይወጣል። የሁሉም ድምፅ ይቀመጣል፤ ፈላጊው ዛሬ ተናግሮ ተፈላጊው ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላልና።

ድምፆቹ የሚቀመጡት ሰርቨር በሚባል ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አንቺ ቤት ያለው ኮምፒውተር አንድ ዲስክ ቢኖረው እሱ በመደዳ የተሰደሩ ብዙ ዲስኮች አሉት። ከየዲስኩ ቀጭን ኬብል ይወጣና ማዘርቦርድ ከሚባለው ዋናው ሰሌዳ ላይ ይሰካል። ትእዛዝ የሚወርደው በዚያ ኬብል ነው፤ መልስም የሚወጣው በዚያው ነው። ዲስኮቹ ደግሞ ይደጋገፋሉ። አንዱ ቢወድቅ የቀሩት የእሱን ሸክም ይዘው ይቆያሉ። ሁለት ቢወድቁም እንደ ምንም ይችሉታል። ሦስተኛው ከወደቀ ግን የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል፤ መልሶ የሚያመጣውም የለም። ሌላ ግልባጭ ይያዝ እየተባለ ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ነበር፤ እንደምታውቂው ሲባል ከረመ እንጂ አልተደረገም።

ይህን ሰርቨር ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝቶ የገጣጠመው ይርዳው ራሱ ነው። ከሁሉ በላይ የሚኮራው በኬብሎቹ አዘረጋግ ነበር። ሌሎች ባለሙያዎች እንደ ነገሩ ሲተዋቸው እሱ አንዳቸውን ካንዳቸው አስተካክሎ፣ ጠርዝ ጠርዙን አስይዞ፣ መታጠፊያቸው ላይ እጥፍ አድርጎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ አድርጎ አሰራቸው። እንግዳ ወደ ጣቢያው ሲመጣ ክዳኑን ከፍቶ ያሳያል። «ሹሩባ ነው የሚመስለው!» ይሉታል። ደስ ይለዋል። እውነትም ያምር ነበር።

ሰርቨሩም ያለ አንዳች እንከን ከዓመት በላይ ሠራ።

አንድ ጠዋት ይርዳው ወደ ክፍሉ ሲገባ ማሽኑ ሲጮህ አገኘው። የአራተኛው ዲስክ መብራት ቀይ ሆኗል። አልደነገጠም። ዲስክ ዕቃ ነው፤ ያረጃል፣ ይሞታል። አወጣውና መሳቢያው ውስጥ ጣለው። ከዚያ ወደ ሸምሱ ሱቅ ሄደ።

ሸምሱ የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሱቁም ከአውቶቡስ ተራው ማዶ ነው። ከይርዳው ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። በፋሲካ ሸምሱ ከነልጆቹ ይርዳው ቤት ይመጣል፤ በኢድ ይርዳው ከነሚስቱ ሸምሱ ቤት ይውላል። ይርዳው ከሌላ ሰው ዕቃ ገዝቶ አያውቅም። ሸምሱ አዲስ ዲስክ ሰጠው፣ ይርዳው ሰካው፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ነገሩ አለቀ ተባለ።

አላለቀም። ጥቂት ቀናት አለፉና አራተኛው መብራት እንደገና ቀላ።

ይርዳው ዲስኩን ይዞ ወደ ሸምሱ ተመለሰ። ሸምሱ ግራ ተጋባ፤ ያም ሆኖ ያለ ክርክር ለወጠለት። «ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ አይጠፋም» አለው። ይርዳው የተለወጠለትን ሰካ። ይህም ጥቂት ሰንብቶ ቀላ።

አሁን ይርዳውን ቁጣ ያዘው። የጣቢያዋ ሥራ አስኪያጅ በየቀኑ «ምን ሆነ? እስካሁን አልተሠራም?» ትለዋለች። ባልደረቦቹ ሲያልፉ ወደ ቀዩ መብራት ያያሉ። በሥራው ተጠይቆ የማያውቅ ሰው ሲጠየቅ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ፤ ጥፋቱን የሚጥልበት ትከሻ ይፈልጋል። ይርዳውም ዲስኩን አንሥቶ በገበያ ቀን፣ ሱቁ በደንበኛ ሞልቶ ሳለ ገባ። ዲስኩን ባንኮኒው ላይ ጣለው።

«ሸምሱ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው አሮጌ ዲስክ በአዲስ ካርቶን መሸጥ የጀመርከው?»

ሸምሱ ቀና ብሎ አየው። «ይርዳው፣ ቀስ በል እንጂ፤ ሰው አለ።»

«ይስማ! ሌላውም እንዳይታለል ይስማ!»

«እንግዲያው እዚሁ ልሰካውና አብረን እንየው» አለ ሸምሱ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ካልሠራ አንተ ትክክል ነህ።»

«በዓይኔ ያየሁትን አንተ ልታሳየኝ ነው?» አለው ይርዳው። ዲስኩንም ከባንኮኒው ላይ መልሶ አነሣ። «ይሄ ለማስረጃ እኔ ጋ ይቆያል።»

ወጥቶ ሄደ። ከእሱ ኋላ ሁለት ሦስት ደንበኞችም የመረጡትን ዕቃ አስቀምጠው ወጡ።

ትንሽ ከተማ ናት። ይርዳው ደግሞ የሚታመን ሰው ነው። ስለ ኮምፒውተር እሱ የተናገረውን ማን ይከራከራል? ሳምንት ሳይሞላ «ሸምሱ ያረጀ ዕቃ ይሸጣል» የሚለው ወሬ ትምህርት ቤቶቹም ጋ፣ መሥሪያ ቤቶቹም ጋ ደረሰ። የሸምሱ ሱቅ ጭር አለ። ሸምሱ ወጥቶ አልተከራከረም፤ ቤቱ ድረስ ሄዶም «ለምን እንዲህ አልከኝ?» አላለም። በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥና የሚያልፈውን ሰላም ይላል። አንዳንዱ ይመልስለታል።

ይርዳው ዲስክ ከአዲስ አበባ አስመጣ፤ ከሌላ ነጋዴ፣ ሌላ ስም ያለው። አራተኛው ቦታ ላይ ሰካው። አረንጓዴ ሆነ። «አየህ?» አለ ለራሱ። ያም ጥቂት ቆይቶ ቀላ።

እዚህ ላይ አንቺም ሳትገረሚ አትቀሪም፤ ፊትሽ ላይ አየሁት። ከሌላ አገር፣ ከሌላ እጅ የመጣ ዲስክ እዚያው ቦታ ላይ ሲወድቅ ይርዳው እንዴት አልጠረጠረም? አየሽ፣ ይህ እሱ የማያውቀው ነገር አልነበረም። «አንድ ብልሽት እዚያው ቦታ ላይ ከተመላለሰ ዕቃውን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረህ ሞክረው፤ ብልሽቱ ዕቃውን ተከትሎ ከሄደ ዕቃው ነው፣ ከቦታው ካልተነቃነቀ ቦታው ነው።» ይህን ለስንቱ ሰው ራሱ አስተምሯል! ለራሱ ግን አልታየውም። ኬብሉን የዘረጋው የገዛ እጁ ነው። ሰው ያደነቀው ሥራ ነው። ክዳኑን በከፈተ ቁጥር ያንን ያየዋል፤ ሲያየው ማማሩን እንጂ ሌላ ነገር አያይበትም። ስለዚህ «ዘንድሮ የሚመጣው ዲስክ ሁሉ የማይረባ ነው» አለ። ዓለምን በሙሉ ጥፋተኛ ማድረግ አንድ ኬብል ከመፍታት ቀለለው።

በዚህ መካከል አንድ ገበሬ ወደ ጣቢያዋ መጣ።

ሽማግሌ ነው፣ ስሙም ጎራው ይባላል። ከሩቅ ቆላ ነው የመጣው፤ በእግሩም በመኪናም። የአገሩ ሰው አንድ ነገር ነግሮት ነው። «ባለፈው ዓመት በራዲዮ አንድ ሰው ወንድሙን ሲፈልግ ሰምተናል፤ ያንተን ስም የጠራ መሰለን» ብለውታል። ጎራው ወንድሙን ያጣው ገና ጎረምሳ ሳለ፣ በድርቁ ዘመን ሕዝቡ ለሰፈራ ወደ ምዕራብ ሲጫን ነው። ወንድምየው በአንዱ መኪና፣ እሱ በሌላው ተጫኑ። የእሱ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረና ሰዎቹ ተመለሱ። ያኛው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም።

የዝግጅቱን አዘጋጅ «ድምፁን ብቻ አሰሙኝ፤ ይሁን አይሁን እኔ አውቀዋለሁ» አላት።

አዘጋጇ ድምፁ እንዳለ ታውቃለች። የተናገረው ሰው ከወለጋ የመጣ እንደሆነም ታስታውሳለች። ነገር ግን የሰጠው ስልክ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሚኖርበትን ቀበሌ የተናገረውም በዚያው ድምፅ ውስጥ ነው። ሽማግሌውን ይዛ ወደ ይርዳው ክፍል ልትሄድ ስትነሣ ይርዳው ራሱ ፊቱ ተለዋውጦ መጣ።

«ማንም ሰርቨሩን እንዳይነካው!» አለ። «ስድስተኛው ዲስክም ሄደ።»

ይህ እውነተኛ ሞት ነበር። ስድስተኛው ዲስክ ከውስጡ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር፤ ከዚያም ጸጥ አለ። እንዲህ ያለውን ድምፅ የሰማ ባለሙያ አይሳሳትም። አራተኛው ቦታ ባዶ ነው፣ ስድስተኛው ሞቷል። አንድ ተጨማሪ ዲስክ ቢወድቅ የዚያ ሁሉ ሰው ድምፅ ይጠፋል። ይርዳው ከሰርቨሩ ምንም ድምፅ እንዳይወጣ፣ ምንም እንዳይገባ አደረገ፤ የቀሩት ዲስኮች እንዳይደክሙ።

አዘጋጇ ለጎራው ነገሩን በቀስታ አስረዳችው። «ማሽኑ ታሟል አባባ፤ ሲሻለው ይሰማሉ። ዛሬ ይደር።»

«ካልተሻለውስ?» አለ ጎራው።

ሽማግሌው ከግቢው አልወጣም። ከይርዳው ክፍል በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ዱላውን በጉልበቱ መካከል አድርጎ ተቀመጠ።

ይርዳው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ አሰበ። ለስድስተኛው ቦታ አሁኑኑ ዲስክ ያስፈልገዋል። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ የማይታሰብ ነው። ቅርብ ያለው አንድ ሱቅ ብቻ ነው፤ ከአውቶቡስ ተራው ማዶ። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። በምን አፉ? ተመልሶ ተቀመጠ። በመስኮቱ የጎራው ትከሻ ይታያል፤ ሽማግሌው አልተነቃነቀም።

ያን ጊዜ ይርዳው መሳቢያውን ከፈተ። «ለማስረጃ» ብሎ ያመጣው የሸምሱ ዲስክ እዚያ አለ። ከሱ ጎን የአዲስ አበባው አለ። ከነሱ ሥር መጀመሪያ የወደቀው አሮጌው አለ። ሁሉንም ራሱ «የማይረቡ» ብሏቸዋል። «ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ከያዘልኝ» አለ በልቡ። የሸምሱን ዲስክ አንሥቶ፣ የሞተውን ስድስተኛ አውጥቶ፣ በእሱ ቦታ ሰካው።

አረንጓዴ ሆነ።

ይርዳው አላመነም። «አሁን ይቀላል» ብሎ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። አልቀላም። ሌሎቹ ዲስኮች ያላቸውን ለአዲሱ ማካፈል ጀመሩ፤ ሥራው እየገፋ መሄዱም ማያው ላይ ይታያል። ቀትር ሆነ። አልቀላም። ማሽኑ ሞቀ፣ ማራገቢያዎቹ ጮኹ፣ አልቀላም። መጀመሪያ እፎይ አለ። ቀጥሎ ግን ሌላ ሐሳብ መጣበት። ዲስኩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ጤነኛ ከሆነ ሸምሱ አላታለለውም። ካላታለለው ያን ቀን በሰው ፊት የተናገረው ሁሉ፣ ዲስኩን የጣለበት አጣጣሉ፣ «ይስማ» ያለው ሁሉ ሐሰት ነበር።

ማካፈሉ ሲያልቅ ተነሣ። ሰርቨሩን በሥርዓት አጠፋ፣ ክዳኑን ከፈተ። ኬብሎቹ እንደ ወትሮው አማሩ። መቁረጫ አነሣና ያን ውብ ማሰሪያ ቆረጠው። ኬብሎቹ ተፈትተው ተበተኑ። ከአራተኛው ቦታ የሚመጣውን ለብቻው ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበው።

ከታጠፈበት ቦታ ላይ ሽፋኑ ነጭ ሆኖ ተሰንጥቋል። ቀለል አድርጎ ቢያጣጥፈው ውስጡ ያለው ሽቦ መበጠሱ ተሰማው። እንዲያምር ሲል አለቅጥ አጥፎት፣ እንዳይነቃነቅ ሲል አጥብቆ አስሮት፣ ኬብሉ ለዓመት ያህል ቀስ በቀስ ሲሰበር ኖሯል። ማሽኑ ሲቀዘቅዝ የተሰበረው ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ይገጥማል፤ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ሲግል ይለያያል፤ መብራቱ ይቀላል። ዲስኩ «አለሁ» ቢልም ቃሉ አይደርስም። ማሽኑም የማይመልስ ዲስክ ሞቷል ብሎ ይመዘግበዋል። ከዚያ ይርዳው ይመጣና አውጥቶ ይጥለዋል።

ይርዳው ሌላ ኬብል ፈልጎ ሰካ፤ ረዘም ያለውን። አላጠፈውም፣ አላሰረውም፤ እንደ ፈለገ ዘና ብሎ እንዲወርድ ተወው። አያምርም። አራተኛው ቦታ ላይ የአዲስ አበባውን ዲስክ መለሰና ሰርቨሩን አስነሣው። አረንጓዴ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያም ቀልቶ አያውቅም።

በሩን ከፍቶ «አባባ፣ ይግቡ» አለ።

አዘጋጇም መጣች። ድምፁን ፈልጋ አወጣች። ጎራው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘነበለ። የጎልማሳ ሳይሆን የሽማግሌ ድምፅ ወጣ፤ ሻካራ፣ ቀስ የሚል። ጎራው ፊቱ አልተለወጠም። ድምፁ የመንደሩን ስም ጠራ፣ የአባቱን ስም ጠራ። ከዚያ ድምፁ «ወንድሜን ነው የምፈልገው፤ ጎላው ይባላል» አለ።

ሽማግሌው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ጎላው አለኝ!» አለ። «ኮልታፋ ነው! ‹ረ› አይወጣለትም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጎላው ነው የሚለኝ! ሸምግሎም ዛሬም ጎላው ይለኛል!» ሳቀ፤ እንባው በሳቁ መሃል ወረደ። «እሱ ነው። እኔ ነኝ ጎላው።»

ድምፁ ቀጠለና ወንድምየው የሚኖርበትን ወረዳና ቀበሌ ተናገረ። አዘጋጇ እዚያው ሆና ስልክ ትደውል ጀመር። ይርዳው ግን ያን ቆሞ አልሰማም። ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

ወደ ሸምሱ ግን በዚያው ዕለት አልሄደም፤ በማግስቱ ገበያ ስለነበረ ሆን ብሎ ያን ቀን ጠበቀ። ያጠፋው በሰው ፊት ነውና የሚክሰውም በሰው ፊት ሊሆን ይገባል። የሸምሱ ሱቅ እንደ ድሮው አልሞላም፤ ቢሆንም ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ በሩ ላይም የሚያልፈው ብዙ ነው። ይርዳው ቆቡን አውልቆ ገባ። ድምፁን ያን ቀን ከፍ እንዳደረገው ከፍ አደረገ።

«ሸምሱ፣ ዲስኮችህ ሁሉ ጤነኞች ናቸው። የተበላሸው እኔ በእጄ የዘረጋሁት ኬብል ነው። አታላይ ያልኩህ በሐሰት ነው። ይህንን ያን ቀን እዚህ የነበሩ ሁሉ ይወቁልኝ።»

«እዚሁ ልሰካው ብዬህ ነበር» አለ ሸምሱ።

«ብለኸኝ ነበር።»

«ለምን እንቢ አልክ?»

ይርዳው አልሸሸም። «ቢሠራስ? ቢሠራ ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ነዋ።»

ሸምሱ ቂም ይዞ ነበር፤ እንዴት አይዝ? ከዚያ ባንኮኒውን ዞሮ መጣ። «በል ግባ» አለው፤ «ምሳ አልበላሁም፤ አንተም አልበላህም።» አብረው በሉ። ከዚያ ወዲያ ይርዳው በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ በእግሩ እየዞረ ያንኑ ተናገረ። ደንበኛው ሁሉ ባንድ ጊዜ አልተመለሰም፤ ወሬ ሲወጣ ይሮጣል፣ ሲመለስ ያዘግማል። ግን ተመለሰ። ይርዳውም በሙያው መተማመኑን አልተወም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ይተማመን ጀመር፤ የሚተማመነው ግን ባልሞከረው ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ ፍሬሕይወት። የመጀመሪያው ቆራጭሽ ዛሬ የት ነው?

ከድልድዩ ማዶ ባለው ስፌት ቤት ዋና ቆራጭ ሆኗል ነው ያልሽኝ? ሁለተኛውስ? የራሱን ከፍቶ የሙሽራ ልብስ ይሠራል። ጥሩ። እንግዲህ ሁለቱም አንቺ ቤት ጨርቅ ሲያበላሹ ኖረው ሌላ ቦታ ሲሄዱ እጃቸው ተፈታ። የአሁኑም እነሱ በወደቁበት ቦታ ላይ እየወደቀ ነው። ከደንበኛ ልክ የምትቀበዪው አንቺ ነሽ። ለቆራጩ የምትነግሪውስ እንዴት ነው? በቃልሽ። አትጽፊም፤ አእምሮሽ ይይዛል፤ በዚያም ትኮሪያለሽ፤ እኔም ሳውቅሽ እንዲሁ ነሽ። ከደጅ ደንበኛ እያነጋገርሽ፣ የስፌት መኪናዎቹ እየጮኹ፣ በመጋረጃው በኩል ትነግሪዋለሽ። እሱም «እሺ» ይላል።

ቆራጮቹ ዲስኮቹ ናቸው። ካንቺ አፍ ተነሥቶ እነሱ ጆሮ የሚደርሰው ቃል ኬብሉ ነው። እሱን ማንም አልመረመረውም፤ የዘረጋሽው አንቺ ስለሆንሽ፣ ለብዙ ጊዜም ስለሠራ፣ የሚያየውም ሁሉ ስለሚያደንቅ።

ጥፋቱ ያንቺ ነው አላልኩሽም። አላየሁምና አልፈርድም። በእውነት የሞተ ዲስክም እኮ አለ፤ ስድስተኛው ሞቶ ነበር፣ ምንም ኬብል አያድነውም። እኔ የምልሽ ከማሰናበትሽ በፊት ሞክሪው ነው። ነገ ጠዋት እንደ ወትሮሽ፣ በዚያው መጋረጃ በኩል፣ በዚያው ድምፅ ልኩን ንገሪው። ከዚያ ግቢና «ምን አልኩህ?» በይው። ያልሽውን ሳያዛንፍ መልሶልሽ ጨርቁን ካበላሸ፣ አሰናብቺው፤ እኔም ከጎንሽ ነኝ። አንቺ ካልሽው ሌላ ከነገረሽ ግን ሰውየውን ተይውና መጋረጃውን አንሺ። የሄዱትንም ሁለቱን ሥራ አያውቁም ብለሽ ባወራሽበት ቦታ ሁሉ ሄደሽ፣ ያወራሽውን በገዛ አፍሽ መልሺ።